የመሞከሪያ ካሴት

አባቴ ድምፅ የሚቀምስ ሰው ነበር።

ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ነግሬ መሳቂያ ሆኛለሁ። ቢሆንም የፈጠርኩት አልነበረም፤ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። የጠገነውን ቴፕ ሲያጫውት የካቻቪቴውን ጫፍ ከድምፅ ማጉያው ጠርዝ ላይ ያሳርፋል፣ እጀታውን በጥርሱ ነከስ ያደርጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ጨው መብዛት ማነሱን እንደሚያጣራ ሰው ትንሽ ያጣጥማል። ከዚያ "ጥሩ ነው" ይላል። ካልጣመው ደግሞ ብሎኖቹን እንደገና ይፈታል።

ሱቃችን የቤታችን የፊት ክፍል ነበር። ከሱቁ ጀርባ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ጀርባ የእኔና የአባቴ አልጋዎች። አባቴ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ነው የሚሠራው፤ ብርሃኑ በትከሻው ላይ አልፎ እጁ ላይ እንዲያርፍለት። ከፊቱ፣ ግድግዳው ላይ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት ሰቅሏል። መስታወቱን የሰጠው ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ "መቀስ" የሚለው፣ ከእጁ ይልቅ ምላሱ የሚፈጥን ሰው። እኔ መስታወቱ የተሰቀለው እኔን ለመጠበቅ ይመስለኝ ነበር። ዕቃ ልነካ እጄን ስዘረጋ የአባቴ ዓይን መስታወቱ ውስጥ ቀድሞ ይጠብቀኛል። ደንበኛ በሩን አልፎ ሳይናገር ገና አባቴ ዞሮ ተቀብሎታል። ከኋላው ዓይን ያለው አባት ስላለኝ እኮራ ነበር።

ወደ እኛ የሚመጡት ቴፖች አብዛኞቹ ሕመማቸው አንድ ነው፤ ይዘፍናሉ፣ አይሰሙም። ካሴት ያጫውታሉ፤ ቅዱ ሲባሉ ግን የሚቀዱት ባዶ 'ሽሽ' የሚል ድምፅ ነው። ያኔ ሰው ሩቅ ላለ ዘመዱ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ይልክ ስለነበር፣ ማይኩ የሞተበት ቴፕ ቤተሰቡን ያስጨንቃል። ማይኳ ከቴፑ ጥግ፣ ወንፊት ከመሰሉ ቀዳዳዎች ጀርባ ትደበቃለች። ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንስ ክብ ብረት ናት፤ ፊቷ ላይ ጥቁር ጨርቅ ለብሳለች፣ ከጀርባዋ ሁለት አጫጭር እግሮች አሏት።

"እያት" ይለኛል አባቴ፣ በዚያ ከትንፋሽ ትንሽ ከፍ በሚል ድምፁ። "ይቺኛዋ እግር ከገላዋ ጋር ተያይዛለች፣ አየሽ? የመሬት መስመር ናት። ብቻዋን የቆመችው ድምፁን ታስወጣለች። ካቀያየርሻቸው ታኮርፍሻለች።"

"ብትሞቅስ አባዬ?" እላለሁ፣ መልሱን እያወቅኩ።

አቀርቅሮ ከሆነ አይመልስልኝም። የሚያውቁትን መጠየቅ ደግ አይደለም ማለቱ ነው ብዬ ዝም እላለሁ። መልሱን እጁ ላይ አየዋለሁ። የመበየጃው ብረት እግሯ ላይ ከቆየ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገድላታል። ስለዚህ እግሯን በፒንሳ ይይዛል፣ ሙቀቱን ፒንሳው እንዲጠጣላት፤ የቀለጠውን እርሳስ ነካ አድርጎ ወዲያው ያነሳል። ወደ እሷ የሚሄደው ሽቦ ሁለት በአንድ ነው፤ መሃሉ ላይ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ፣ ዙሪያውን ደግሞ እንደ ፀጉር የተጎነጎነ መዳብ። ጉንጉኑ ጫጫታ እንዳይገባ የሚከላከል ልብስ ነው። አባቴ ያንን ጉንጉን በጥፍሩ ቀስ እያለ ሲፈታታው ሳይ ራሴን ይበላኛል። የእኔን ፀጉር የሚፈታና የሚጎነጉን ሰው ቤታችን አልነበረም። እናቴ የሞተችው መልኳን እንኳ ሳልይዘው ነው።

ሥራው ሲያልቅ የእኔ ተራ ይመጣል።

"ነይ እናቴ፣ ተናገሪ።"

የመሞከሪያ ካሴት ነበረችን፤ ወረቀቷ የተላጠ፣ ግራጫ። ወደ መጀመሪያዋ አጠነጥናታለሁ፣ የተጠገነው ቴፕ ውስጥ አስገባታለሁ፣ ከመንገዱ ጫጫታ ለመራቅ ቴፑን ታቅፌ ከመጋረጃው ጀርባ እገባለሁ፣ የመቅጃውን ቁልፍ እጫናለሁ። ከዚያ አባቴ ካሴቷን በራሱ ቴፕ ያጫውታታል። የእሱ ቴፕ ትልቅ ነው፤ በትንሽ የመስታወት መስኮት ውስጥ፣ በድምፁ ልክ የምትነሳና የምትወድቅ መርፌ አለችው። ዓይኑ መርፌዋ ላይ፣ ካቻቪቴው ጥርሱ ውስጥ። አዲሱ ሙከራ የሚቀዳው በአሮጌው ላይ ስለሆነ የትናንት ወሬዬ ሁልጊዜ በዛሬው ወሬዬ ይጠፋል።

"ምን ልበል?" ብዬው ነበር መጀመሪያ አካባቢ።

"ያሻሽን። ብቻ ረዘም ይበል። ከፍም ዝቅም ይበል።"

እኔም ውሎዬን መናገር ጀመርኩ። በሌላ ጊዜ አባቴን ማዋራት ቀላል አልነበረም። ከኋላው "አባዬ!" ብዬ ብጠራው ዞር አይልም፤ ትከሻውን መንካት አለብኝ። ለቴፕ የተናገርኩትን ግን ሳያቋርጥ፣ ሳያዛጋ፣ እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ ይከታተላል። እንደዚያ የሚያዳምጠኝ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ስለዚህ ነገሩ ገባኝ አልኩ፤ አባቴ ዓይን አፋር ነው፣ ሰው የሚያዋራው በቴፕ በኩል ነው።

አንድ እግር ጫማዬን ጎርፍ እንደ ወሰደብኝ ለቴፕ ነገርኩት። አባቴ መርፌዋን አይቶ "ጥሩ ነው" አለ። ይቅር እንዳለኝ ቆጠርኩት። ልጆቹ "የዲዳው ልጅ" እያሉ እንደሚጠሩኝ ነገርኩት። "ጥሩ ነው" አለ፣ "በጣም ጥሩ።" እሱ ጥሩ ነው ካለ ጥሩ ነው አልኩና በማግሥቱ ሲሰድቡኝ ፈገግ አልኩላቸው።

ዲዳ አልነበረም። ልጆቹ የሚያውቁት ግማሹን ነበር፤ እኔ ከዚያም ያነሰ።

ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ አባቴ ፊቴን ትክ ብሎ እያየ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። "ንብ አለበት?" የማይኩ ሽቦ ከሞተሩ አጠገብ ካለፈ ድምፁ ሥር እንደ ንብ የሚያንዣብብ ነገር ይገባል። "አለበት" ካልኩት ይፈታውና ሽቦውን በሌላ በኩል ያዞረዋል። የሚያውቀውን እየጠየቀ የሚፈትነኝ መስሎኝ ሁልጊዜ ጠንቅቄ እመልስ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መቀስ ሱቃችን ውስጥ ቆሞ አገኘሁት፤ ቴፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ። መቀስ ራሱን ዘፋኝ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ነው። ደንበኛ ሲጠፋ ሱቁን ገርበብ አድርጎ የራሱን ዘፈን ይቀዳል። ማይኩ የተቀየረለት እኔ ትምህርት ቤት በነበርኩበት ቀን ነው፤ አባቴም ቴፑን ያለ እኔ ሞክሮ ሰጥቶታል።

"አንተ ሰው" ይላል መቀስ፣ "እኔ ማይክ ቀይርልኝ አልኩህ እንጂ ቀፎ ስቀልልኝ አልኩህ?"

አባቴ አፍ አፉን ያየዋል። "ምን ሆነ?"

"እዝዝዝ ይላላ! በአንድ ጎን እኔ፣ በአንድ ጎን ንቡ፣ ማን እንደሚዘፍን አልታወቀም! ንግሥቲቱ ራሷ ሰምታ ልትመጣ ነው!"

እኔ በሳቅ ፈረስኩ። አባቴ ግን አልሳቀም። ቴፑን ተቀብሎ አጫወተው፣ ካቻቪቴውን ነከሰ፣ አጣጣመ፣ ደግሞ አጣጣመ። ንቡ ሱቁን ሞልቶታል። ከዚያ አባቴ ቀና ብሎ መቀስን "አሁንም አለ?" አለው።

የመቀስ ሳቅ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። አባቴን አየው፤ እኔን አየኝ።

"እሜቴ" አለኝ፣ "ሂጂ እስቲ ከሱቄ ፎጣዬን አምጪልኝ።"

ፎጣው ትከሻው ላይ ነበር። የትልቅ ሰው ነገር አይታወቅም ብዬ ሄድኩ፤ ሌላ ፎጣ ፈልጌ ተመለስኩ። መቀስ የአባቴን ክንድ ይዞት ነበር። "ለአክስቷ ንገራት" ሲለው ደረስኩ። "ወንድሜ፣ ይሄ ተሸፋፍኖ የሚቀር ነገር አይደለም።" ተሸፋፍኖ የማይቀረው ንቡ ነው ብዬ ደመደምኩ። አባቴ ሥራ አበላሽቶ ለአክስቴ ሊከሰስ ነው። ትንሽ አዘንኩለት።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ሌላ ከተማ የምትኖር ልብስ ሰፊ። በአውቶቡስ መጣች፣ አቧራዋን ሳታራግፍ ተቀመጠች፣ አባቴ ላይ መጮህ ጀመረች። እኔን ስታዋራኝ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ወደ እሱ ስትዞር ግን ጣሪያ ይነካል። አባቴን አትወደውም ያልኩት በዚያ ጩኸት ነው። ወደ ጓዳ ተላክሁ፤ መጋረጃ ግን ግድግዳ አይደለም።

"ሌሊት ብትታመምስ? ብትጮህስ? ማን ይደርስላታል?"

"አልጋዎቹን አስጠግቻቸዋለሁ" አለ አባቴ። "ክርም አለ።"

ክሩን አውቀዋለሁ። ማታ ማታ አንዱን ጫፍ የእኔ እጅ ላይ፣ ሌላውን የእሱ እጅ ላይ ያስረዋል። "ከፈለግሽኝ ሳቢው" ይለኛል። የእኛ ጨዋታ ነበር። ያለ ምክንያት እስበዋለሁ፤ በጨለማው ውስጥ እሱም መልሶ ይስበዋል።

"ክር ልጅ አያሳድግም!" ጮኸች አክስቴ። "ደግሞስ እስከ መቼ ነው ልጅቷን እንደ ዕቃህ የምትገለገልባት?"

ካቻቪቴውን፣ ፒንሳውን፣ መበየጃውን አሰብኩ። አባቴ ዕቃዎቹን ማታ ማታ በጨርቅ ይወለውላቸዋል፤ ለማንም አያውሳቸውም። ከእነሱ ጋር መቆጠር ለእኔ ክብር ነበር፤ አክስቴ ለምን እንደ ተቆጣች አልገባኝም።

አክስቴ አልተቆጣችም ነበር። ይህን የሰማሁት ኮረዳ ሆኜ፣ እሷ ቤት ቆሜ ቀሚስ ስትለካኝ ነው። መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ እንደ ዋዛ፣ "አባትሽ እኮ አንቺ ትምህርት ቤት ሳትገቢ ነው ጆሮው መድከም የጀመረው" አለችኝ። "እኔ በመጣሁ ጊዜማ ካልጮህኩለት ጠብ የሚልለት አልነበረም። እንዳታዝንብኝ፣ ልጅ ናት፣ አትንገሯት ብሎ ለምኖን ነው።" ከዚያ መርፌዋን ከከንፈሯ አውጥታ "ቀጥ በይ እንጂ፣ ጎኑ ይጣመምብኛል" አለችኝ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ያን ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ግን ይህን አላውቅም። የሰማሁት አባቴ ካቻቪቴውን ሲያስቀምጥ ነው። ከዚያ፣ በዚያ ከትንፋሽ ትንሽ ከፍ በሚል ድምፁ፣ "ውሰጃት" አለ።

በማግሥቱ አክስቴ የአውቶቡሱን ሰዓት ልትጠይቅ ወጣች። አባቴ የመቀስን ቴፕ ከፍቶ ሽቦውን ከሞተሩ አርቆ አዞረው። ብሎኖቹን መልሶ አጠበቀ፤ የመጨረሻዋን ብሎን እንደ ወትሮው በአውራ ጣቱ ዳበሳት። በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

"ነይ እናቴ፣ ተናገሪ።"

ሌሊቱን ሙሉ የጠበቅኩት ይቺን ነበር። ፊት ለፊት ብነግረው ያፍራል፣ አቀርቅሮ ዝም ይላል። በቴፕ ግን ያዳምጠኛል። ቴፑን ታቅፌ ገባሁ፣ ካሴቷን ወደ መጀመሪያዋ አጠነጠንኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። አፌን ከወንፊቱ አጠገብ አደረግኩት።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ። አክስቴ ጋ አትላከኝ። ፀጉሬን ራሴ እሠራለሁ። ዕቃ አልነካም። ንብ ካለ ሁልጊዜ እነግርሃለሁ..."

እዚህ ላይ ድምፄ ተሰበረ። አለቀስኩ፤ አፌን በእጄ ብይዘውም ለቅሶው እየደጋገመ አመለጠኝ። ካሴቷ መዞሯን አላቆመችም። አባቴ የሚናገረውን ስለማውቅ ቸኩዬ ጨመርኩ።

"እንድቀር ከፈለግክ 'ጥሩ ነው' አትበል። ሌላ ነገር በል።"

ፊቴን በቀሚሴ ጠርጌ ወጣሁ። አባቴ ካሴቷን በትልቁ ቴፕ ውስጥ አደረጋት። አጠገቡ ቆምኩ። ድምፄ ሱቁን ሞላው፤ እንደዚያ ሲሰማ የሌላ ልጅ ይመስላል። መርፌዋ ተነሳች፣ ወደቀች። ለቅሶው ጋ ስትደርስ እስከ ቀዩ መስመር ድረስ እየዘለለች ተመለሰች። አባቴ ዓይኑን አልጨፈነም። ካቻቪቴውን ነክሶ፣ መርፌዋን እስክትተኛ ድረስ አያት፤ ከተኛችም በኋላ ትንሽ አያት።

ካቻቪቴውን ከአፉ አወጣ።

"ጥሩ ነው" አለ። እጁን ራሴ ላይ አሳረፈ። "እስከ ዛሬ ካየሁት ሁሉ ጥሩው ይሄ ነው። ንብ አለበት?"

"የለበትም" አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ከአክስቴ ጋር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አላለቀስኩም፤ ጠይቄ ተመልሶልኛል። አባቴ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ነበር። አንድ ነገር ሲል ከንፈሩን አየሁ፣ ሞተሩ ግን ተነስቶ ስለነበር አልሰማሁትም።

በዓመቱ ለዕረፍት ስመጣ ሱቁ ውስጥ አንድም ቴፕ አልነበረም። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት የልብስ ካውያዎችና የኤሌክትሪክ ምድጃዎች ነበሩ። ቴፕ ሰልችቶት መሰለኝ። ካውያ ሲድን ይሞቃል፤ ምድጃ ሲድን ይቀላል፤ የሌላ ሰው ጆሮ አይጠይቁም። ይህንንም ያሰብኩት ቆይቶ ነው። ማታ አልጋዬ ላይ ስተኛ ክር አልመጣም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እጄን ግን ከብርድ ልብሱ ውጪ አድርጌ ነበር የተኛሁት።

አክስቴ ቀሚስ እየለካች ከነገረችኝ በኋላም ስለዚያች ካሴት ለአባቴ አንስቼለት አላውቅም። ምን ብዬ? ጊዜው ያለፈ ልመና ቁስል መቀስቀስ ነው። ደግሞም የለችም ብዬ ነበር። የእኛ ካሴት ላይ ምንም ነገር ከርሞ አያውቅም።

ባለፈው ሰሞን ልጠይቀው ሄድኩ። አርጅቷል። መቀስ ሞቷል፤ መስታወቱ ግን እዚያው ነው። አሁን እንዴት እንደምናወራ እናውቃለን፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ ብርሃኑ ፊቴ ላይ እንዲያርፍ አድርጌ፣ ቀስ እያልኩ እናገራለሁ፤ እሱ ከንፈሬን ያነባል። ስለ ጤናው፣ ስለ ሥራዬ ተጨዋወትን። ወሬው ሲያልቅ ተነስቶ ከአልጋው ሥር በጨርቅ የተሸፈነ ነገር አወጣ። ትልቁ ቴፕ ነበር።

"የማሳይሽ ነገር አለ" አለኝ።

ግራጫዋን ካሴት ከኪሱ አወጣት። አገላብጬ አየኋት። ከጀርባዋ ያሉት ሁለቱ የፕላስቲክ ጥርሶች ተሰብረዋል። ጥርሷ የተሰበረ ካሴት ላይ መቅዳት አይቻልም፤ ያለውን ይዞ ይኖራል። አባቴ የልቤን መሰበር አይቶ ሳይሆን መገረሜን አይቶ ሳቅ አለ።

"የሄድሽ ዕለት ነው የሰበርኳቸው" አለ። "ከአውቶቡሱ እንደ ተመለስኩ።"

ቁልፉን ተጫነ። መርፌዋ ተነሳች። ትንሽ ልጅ ሱቁን ሞላችው።

"ይሄውልሽ" አለ፣ ጣቱን መስኮቱ ላይ አድርጎ። "እዚህ ጋ አባዬ ትያለሽ። አውቃታለሁ፣ አነሳሷን። ከዚህ ወዲህ ውሎሽን ነው የምትነግሪኝ። አየሽ፣ ዝቅ ዝቅ እያለች ነው... ጠብቂ። አሁን።"

መርፌዋ ወደ ቀዩ ዘለለች፣ ወደቀች፣ ዘለለች።

"እዚህ ጋ ትስቂያለሽ!" የሽማግሌው ፊት በራ። "እንዴት እንደምትስቂ እያት! ስንት ዓመት ሙሉ ልጠይቅሽ ስል... ምን አስቆሽ ነበር?"

ከንፈሬን ይጠብቃል። ልጅቷ እያለቀሰች ነው።

"መቀስ" አልኩት፣ ቀስ ብዬ፣ እንዲያነበው። "ንቡ ጊዜ። ንግሥቲቱ ልትመጣ ነው ሲልህ።"

አባቴ በዚያ መጠኑን በማያውቀው ሳቁ ሱቁን አናወጠው። "ያ ቀልደኛ!" አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ። "ያ ቀልደኛ! ቆይ፣ ደግመን እንያት።"

ካሴቷን አጠነጠነ። ካቻቪቴ አንስቶ ጫፉን ከማጉያው ጠርዝ አሳረፈ፣ እጀታውን ነከሰ፣ መርፌዋ ላይ አቀረቀረ። በመስታወቱ እንዳያየኝ ከኋላው ዝቅ አልኩ። ልጅቷ ስትናገር አብሬያት ተናገርኩ፤ በሙሉ ድምፄ፣ ቃል በቃል፣ ዕቃ አልነካም እስከሚለው ድረስ፣ ከዚያም አልፎ እስከ መጨረሻው። "ሌላ ነገር በል" አልን ሁለታችንም።

መርፌዋ ተኛች።

አባቴ ካቻቪቴውን ከአፉ አወጣና ጀርባውን እንደሰጠኝ ቆየ።

"ሰዎች ጆሮህ መቼ ነው የጠፋው ይሉኛል" አለ፣ ከትንፋሽ ትንሽ ከፍ በሚል ድምፁ። "ልጄ የሄደች ዕለት እላቸዋለሁ። እስከዚያ ድረስ በእሷ ስሰማ ነበር።"

ትከሻውን ነካሁት።